ጆሮን የማይደፍነው ማዳመጫ

የእህቴ ሰላምታ ብቻውን ከሰፈሬ ከቂርያት ሃዮቨል ተነስቼ በአውቶቡስ እስከ ከተማው መሐል ያደርሰኛል። ጎንደር ሆና ድምፅዋን በስልክ እየቀዳች ትልክልኛለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እኔም ብሆን ፊደል የለየሁት እዚህ እስራኤል አገር መጥቼ፣ አርጅቼ፣ አሮጊቶች ከሚሰበሰቡበት ቤት ነው። ድሮ የምንላላከው በሰው አፍ ነበር፤ ስልኩ መጣና ተገላገልን። ቁልፉን ተጭና ትጀምራለች። «እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አረገሽ? ልጆቹስ? የልጅ ልጆቹስ?» ከየጥያቄው በኋላ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ዝም ትላለች። እኔም በዚያች ዝምታ ውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ግን ለሰላምታ መልስ አለመስጠት አይሆንልኝም።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤት መዋል እምቢ ብሎኛል። ልጆቼ ርቀው ነው የሚኖሩት፤ ይደውላሉ፣ ለበዓል ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ቤቴን ጠራርጌ ነጠላዬን እለብስና አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ጉዳይ የለኝም። መስኮት ዳር ተቀምጬ የእህቴን ድምፅ እከፍታለሁ፤ ደስ ያለኝ ቦታ እወርዳለሁ፤ ሲደክመኝ ያገኘሁት ድንጋይ ላይ አርፋለሁ። ያኔ ገና መጥተን መቫሰረት ጽዮን፣ የአዲስ መጤዎች ማረፊያ ውስጥ ተቀምጠን ሳለም እንዲሁ ነበርኩ። ባለቤቴ «ይቺ ሴት እግሯ ቤት አያውቅም» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን የት ነበርሽ የሚለኝ የለም።

ጆሮዬ ከበድ ስላለ ስልኩን ከፍ አድርጌ ነው የምሰማው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ እህቴ ስለ ጎረቤቷ ልጅ ሠርግ ስታወራልኝ፣ ሕፃን የያዘች አንዲት ወጣት ሴት ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ልጇ አሁን ገና መተኛቱን ነግራ ድምፁን እንድቀንስላት ለመነችኝ። ልጅቷ አልበደለችም፣ በትሕትና ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን መቀነሻውን ስፈልግ ጭራሽ አጠፋሁት። እህቴ «እትዬ፣ ስሚኝማ» እንዳለች ቀረች። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ማቋረጥ ባገራችን ነውር ነው። ቤቴ እስክገባ ድረስ ቅር ሲለኝ ዋለ።

የልጄ ልጅ ወታደር ናት። ሐሙስ ማታ ልታድር ስትመጣ ይህንኑ ነገርኳት፤ ሳቀችብኝ። «ሳቭታ፣ ኦዝኒዮት ያስፈልግሻል» አለችኝ። ሳቭታ አያት ማለት ነው፤ ኦዝኒዮት የሚሉት የጆሮ ማዳመጫውን ነው። አማርኛዋ ትንሽ ስለሆነ «እርስዎ» ማለት አታውቅም፣ አንቺ ነው የምትለኝ። አልቆጣትም። በአማርኛ አንቺ መባልም ለእኔ ብዙ ነው።

በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ያፎ ጎዳና ላይ አንድ ጠባብ ሱቅ ይዛኝ ገባች። እኔ ማዳመጫ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ሽቦ ያለውን አደረጉልኝ፤ ሽቦው ከነጠላዬ ጥለት ጋር ተጠላልፎ ልጅቷ ስትፈታው ብዙ ቆየች። «ያለ ሽቦ ይሁን» አለችው ሻጩን። ቀጥሎ እንደ ባቄላ ፍሬ ጆሮ ውስጥ የሚገባ አመጣ። ጎንበስ ቀና ስል አንዱ ወደቀ። ሻጩ በስልኩ መብራት እያበራ ወለሉን ሲያስስ፣ ፍሬው ለካ ከሻሼ ሥር ገብቶ አንገቴ ላይ ተቀምጧል። ሦስታችንም ሳቅን። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ እጥለዋለሁ አልኳት።

ከዚያ ትልቁ መጣ። ሁለት ትንንሽ ትራስ የመሰለ ነው፤ ጆሮን ሙሉ ለሙሉ ያለብሳል። ቁልፉ ሰፊ ነው፤ በጣቴ ዳስሼ አገኘሁት። ክብደቱ ያን ያህል አይደለም፤ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀኑን ሙሉ ይውላል አለን። ሻጩ አንድ ነገር ነካ ሲያደርግ ግን በጎዳናው የሚያልፈው ባቡር ደወል፣ የሱቁ ዘፈን፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ እልም አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የልጄ ልጅ አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል አላውቅም። ከጆሮዬ ስታነሳልኝ፣ «ሳቭታ፣ ይሄ ቶቭ ነው። ምንም አትሰሚም» አለች።

ቶቭ ማለት ጥሩ ማለት ነው። ወጣቶቹ ለዚህ ነው የሚፈልጉት፤ ጫጫታው እንዳይገባ። እኔ የፈለግሁት እህቴን ብቻ ነበር። ሆኖም እዚያው ሱቅ ውስጥ ድምፅዋን ስትከፍትልኝ፣ እህቴ ትከሻዬ ላይ አገጯን አስደግፋ የምታወራኝ መሰለኝ፤ ትንፋሽዋ ሳይቀር ይሰማል። ከጀርባዋ የዶሮ ጩኸት አለ። ለካ በዚያ ዶሮ መሐል ነበር ስታወራኝ የኖረችው። «ይሄው ይሁን» አልኩ። ነፋስ እንዳይገባበትና ሰውም እንዳያይብኝ ከሻሼ በላይ፣ ከነጠላዬ በታች አደረግሁት። ነጠላዬን ሳጣፋው ከውጭ ምንም አይታይም። ልጅቷ አይታኝ፣ «አሁን ሚስጥር ያለሽ ሰላይ መሰልሽ» አለች።

አሁን ስለ እማሆይ ልናገር።

ከሃነቪኢም ጎዳና ሲታጠፉ የኢትዮጵያ ጎዳና የሚባለው ጠባብ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው፤ ከአንደኛው አጥር ጀርባ ያገራችን ክርስቲያኖች ገዳም አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ስዞር እዚያ ገባሁ። በሩ ላይ አንዲት መነኩሲት ቅጠል እየጠረጉ ድመት ይሰድባሉ። «ሂጅ ወዲያ፣ አንቺ ሌባ። የትናንቱን ዓሣ የበላሽው አንቺ ነሽ» ይሏታል፤ ድመቷም ታያቸዋለች። ያ አነጋገር የጎንደር ነው፤ የኔው ያገሬ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። አገሬን ጠየቁኝ፣ አገራቸውን ጠየቅሁ። የሳቸው መንደርና የኔ መንደር በአንድ ወንዝ የሚለያዩ ናቸው።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ባገራችን ሳለን ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አንነካካም ነበር። ብንገበያይም፣ ብንዋደድም፣ እጅ ለእጅ አንጨባበጥም። ዕቃ ስንቀባበል አንዱ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ያነሳዋል። «አትንኩኝ» ይሉን ነበር። እዚህ ከመጣን ወዲህ ይህ ቀርቷል፤ አውቶቡስ ውስጥ ከማን ጋር ትከሻ ለትከሻ እንደምንጋፋ ማን ያውቃል። እማሆይ ግን የመንደሬን ስም ስነግራቸው፣ ወደ እኔ ይመጡ የነበሩት መንገዱ ዳር ቆም አሉ። «የእናንተን ወግ አውቀዋለሁ። እናቴ ከእናንተ ሴቶች ነበር ማሰሮ የምትገዛ» አሉኝ።

ወጉ ቀርቷል፣ ይምጡ ልላቸው ነበር። ግን እዚህ አገር የራሴ የልጅ ልጆች እንኳ የማያውቁትን ነገር አስታውሰው ስላከበሩልኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ከበራቸው፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ ካለው የድንጋይ መደብ ነን። ስለ ሃይማኖት አናነሳም። ስለ ጉልበት፣ ስለ ብርድ፣ ስለዚያች ሌባ ድመት እናወራለን። ብዙውን ጊዜ ሰላምታው ራሱ ጨዋታችን ነው። አንጨባበጥ፣ አንሳሳም፤ በመካከላችን ያለው ድምፅ ብቻ ነው። እትዬ ይሉኛል። በዓለም ላይ እትዬ የሚለኝ ሰው ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እህቴ በስልክ፣ እማሆይ ከመንገድ ማዶ።

ማዳመጫውን የያዝኩ ሰሞን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እህቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከተማውን አካለልኩት። ገበያ ገባሁ፤ ሻጮቹ ይጮሃሉ፣ እኔ ግን ጎንደር ነኝ። የኢትዮጵያ ጎዳናም ወጣሁ። የመንገዱ ድንጋይ ወጣ ገባ ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ እግሬን እያየሁ ነው የምሄደው። መደቤ ላይ ተቀመጥኩ፤ እማሆይ የሉም። ጸሎት ላይ ይሆናሉ ብዬ ትንሽ ቆይቼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን መጣሁ፤ ዛሬም የሉም።

በሌላ ጊዜ አየኋቸው። በሩ ላይ ቆመዋል። እጄን አነሳሁላቸው። ራሳቸውን በጥቂቱ ዝቅ አደረጉና ገብተው በሩን ዘጉት።

በሩ ከዚያ በፊት በፊቴ ተዘግቶ አያውቅም። ምን አድርጌ ይሆን እያልኩ ሃነቪኢም ድረስ ወረድኩ። ታመው ይሆን? አለቃቸው ከሰው ጋር አትነጋገሪ ብለዋቸው ይሆን? እህቴ ጆሮዬ ላይ «ብርዱስ እንዴት አረገሽ?» ትለኛለች፤ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲያ ብመላለስም ደጃፉ ባዶ ነው። ድመቷ እንኳ አጥሩ ላይ ሆና አይታኝ ዞር ትላለች። ያን ሰሞን ማታ ቤቴ ስገባ ቀኑን ሙሉ ከሹፌሩ ሌላ ማንንም አለማናገሬን አስተውል ጀመር።

ነገሩ የገባኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ወንበሩ ላይ ዘንቢሌን አስቀምጬ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ዝም ብዬ አየኋቸው። አፋቸውን ዘጉና ራሳቸውን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ ሄዱ። ያ ፊት የእማሆይ ፊት ነበር፤ ያ ያዩኝ አስተያየት፣ ያ ራስ ዝቅ ማድረግ። ነጠላዬን ገፍፌ ማዳመጫውን ሳወርደው የአውቶቡሱ ጩኸት ሁሉ ተመልሶ ገባ። ዘንቢሌን አነሳሁ፤ ሰውየው ግን ከኋላ ሌላ ቦታ ተቀምጠዋል።

የልጄ ልጅ ጦር ሰፈር ስለነበረች ብቻዬን ሱቅ ሄድኩ። ማዳመጫውን ከነካርቶኑ ሻጩ ልጅ ፊት አስቀመጥኩት። ዕብራይስጤ የገበያና የሐኪም ቤት ነው፤ ይህን ለማስረዳት ቃል አነሰኝ። እህቴን መስማት እፈልጋለሁ፣ ግን መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝም መስማት እፈልጋለሁ አልኩት። ልጁ ግር አለው። ሰው ሁሉ ወደ እሱ የሚመጣው ላለመስማት መሆኑን ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ለመስማት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና ከመስታወቱ ሥር ሌላ አወጣ። ቀጭን ነው፤ ከጆሮ በላይ ይንጠለጠልና ከጆሮ ፊት ያለው አጥንት ላይ ያርፋል። ጆሮው ክፍት ነው።

አደረግሁት። እህቴ እንደ ፊቱ አጠገቤ አይደለችም፤ ከጎረቤት አጥር ጀርባ ሆና የምትጠራኝ መሰለች። ዶሮው ጠፋ። አውቶቡስ ሲያልፍ ድምፅዋ ይሰጥማል፣ ሲርቅ ይመለሳል። ልጁ «ሳቭታ» ብሎ ጠራኝ፤ ሰማሁት። እንዳልሰማሁ መስሎት እንደገና ጠራኝ። ዶሮውን ባጣውም ይኸኛው ይሁን፣ ይለወጥልኝ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ፣ ጆሮዬ እንዲታይ አድርጌ መደቤ ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። እማሆይ ቶሎ አልወጡም። ብዙ ተመላለስኩ። መንገደኛው ያልፋል፤ ሌሎች መነኮሳት ይገባሉ ይወጣሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥረጊያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ከመቀመጫዬ ተነሳሁና ቀድሜ «እንደምን ሰነበቱ፣ እማሆይ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ብርዱስ?» አልኳቸው።

«ደኅና» አሉ፤ ይኸው ብቻ። እትዬ አላሉኝም።

ምን እንዳጠፋሁ ጠየቅኋቸው። መጥረጊያቸውን አጥሩ ላይ አስደገፉ።

«ታች መታጠፊያው ላይ ሲያልፉኝ ጠራሁዎት። ራስዎን ደፍተው መንገድዎን ቀጠሉ። ሌላም ቀን ጠራሁ፤ እኔን እንደ ድንጋዩ ዐለፉኝ። ልጆቿ፣ ከመነኩሲት ጋር ምን ያስቆምሻል ብለዋት ይሆናል አልኩ። በሰው ቤት ነገር አልገባም።»

እንዲህ ያለ ነገር ልጆቼ ብለውኝ አያውቁም፣ ጆሮዬ ተደፍኖ ነው አልኳቸው። ማዳመጫው እንዴት እንደሆነ፣ ከነጠላዬ ሥር እንዴት እንደደበቅሁት አወራሁላቸው። እያዳመጡኝ ነው፤ ግን እንዳልገባቸው ዓይናቸው ይናገራል። ሰው እህቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ይዞራል ማለት ለማን ይገባል? ስለዚህ ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩና መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አልኩላቸው።

ይኼ ገባቸው። መንገዱን ተሻገሩ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በእኔ ወገን ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነው። ከድንጋዩ ላይ አነሱትና አገላብጠው አዩት፤ እኔ ቦታውን በራሴ ላይ እያሳየኋቸው ከቆባቸው ሥር አስገቡት። ስልኩን ይዤ የእህቴን ድምፅ ከመጀመሪያው ከፈትኩ።

እኔ አልሰማም፤ ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። የት እንደደረሰች የማውቀው በእማሆይ አፍ ነው። ሰላምታ ነውና ሳይመልሱ ማለፍ አልሆነላቸውም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ባዶውን መንገድ እያዩ። ቆየት አሉና «ጉልበቴማ ምን ይሻለዋል ብለሽ ነው» አሉ። «ብርዱ ዘንድሮ ከፋ» አሉ። ቀጥሎ «ልጆቹስ?» እንደሚመጣ ስለማውቅ ላቆመው እጄን ወደ ስልኩ ላክሁ፤ አልደረስኩም። እህቴ መልስ የምትጠብቅባት ያቺ ትንሽ ፋታ ጭራሽ የማታልቅ መሰለችኝ።

«የሉኝም» አሉ በዝግታ።

ከዚያ እህቴ ወደ ሠርጉ ወሬ ገባች መሰለኝ፣ ፊታቸው ፈታ እያለ ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሲያልቅ «እህትዎ ጨዋ ናት» አሉኝ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ስለ ጉልበቴ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ የለም። ይህን ሁሉ ዘመድ ተሸክመው ነዋ እኔን አሮጊቷን መንገድ ላይ ሳያዩ የሚያልፉኝ።» ከዚያም ካላስቸገርኩዎት አንዴ ይድገሙልኝ አሉ። ደገምኩላቸው። አሁንም ለሁሉም መለሱ፤ ያችን አንዷን ጥያቄ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው አሳለፏት። ሌላም የቆየ መልእክት ከፈትኩላቸው፣ ሌላም። ፀሐዩ ከአጥሩ ላይ እስኪወርድ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ቆሜ ነበር። በመጨረሻ የማዳመጫው ቻርጅ አለቀና ጠፋ።

«ቆመች» አሉኝ ደንግጠው።

ደክሟት ነው፣ ነገ ትናገራለች አልኳቸው። ከቆባቸው ሥር አውጥተው ድንጋዩ ላይ አኖሩትና ወደ በራቸው ተሻገሩ። እዚያ ደርሰው ዞር አሉ።

«እትዬ፣ በሰላም ይግቡ። እህትዎን ሰላም ይበሉልኝ።»

ከድንጋዩ ላይ አነሳሁት። ከሳቸው ራስ የተነሳ ገና ሙቀት ነበረው። ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለኝ መልሼ ጆሮዬ ላይ አንጠለጠልኩትና ወደ አውቶቡሱ ወረድኩ።

መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። እህቴ የለችም፤ ማዳመጫው እንደ ሞተ ነው። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር፤ አብዛኛው ሰው እንደኔው ጆሮው ላይ ነገር አለው፤ ማንም ከማንም አይነጋገርም። የሚያየኝ ሰው ቢኖር ይቺ አሮጊት የምትሰማው ነገር አላት ይል ነበር። እኔ የምሰማው ሞተሩን፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው። ቂርያት ሃዮቨል ልንደርስ ስንል ከኋላዬ የወንድ ድምፅ ሞቅ ባለ አነጋገር «ሻሎም፣ ማ ንሽማ?» አለ፤ ሰላም፣ እንዴት ነሽ እንደማለት ነው።

ዞር አልኩና «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት።

ጆሮው ውስጥ እነዚያ እንደ ባቄላ ፍሬ ያሉት ነበሩ። ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ የስልክ ወሬውን ቀጠለ። አልሰማኝም።